ጋሽ ደምሴና ባለ ሦስት ጣቱ ፈረስ

ጋሽ ደምሴ የሞቱ ዕለት እኔ ዕረፍት ወጥቼ ድሬዳዋ እናቴ ቤት ነበርኩ። ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ አራት ሾፌሮች ደውለው አራት ዓይነት አሟሟት ነገሩኝ። አንደኛው ልብ ነው አለ። ሁለተኛው ስኳር ነው አለ። ሦስተኛው ሙቀቱ ነው፣ በዚህ ነፋስ እንኳን ሽማግሌ ጎማም ይፈነዳል አለ። አራተኛው፣ ለሐኪሙ ስለ ፈረስ ጣት እያስረዱ ሳለ ትንፋሻቸው ቀጥ እንዳለ፣ አጠገባቸው እንደነበረ ሰው አድርጎ ተረከልኝ። በወሬው ባይስማሙም አራቱም መጨረሻ ላይ ዝም አሉ። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ከድንበር ማዶ ደውሎ፣ ሒሳቡ እየቆጠረበት፣ ስልክ ይዞ ዝም ሲል እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ ጅቡቲ ከተማ አርሂባ ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ነበሩ። ጎማ የሚጠግኑበት ቤት ሦስት ግድግዳና አንድ ሸራ ነው፤ ሸራው ነፋስ በመጣ ቁጥር የወደቡን አቧራ ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ አይከለክልም። ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ከወገብ በታች እንደ አገሬው ሽርጥ ያገለድማሉ፤ ከወገብ በላይ ኮሌታው የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳሉ። የላብ ጠብታ እንኳን የማያርፍበት ሸሚዝ ነው። ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ጎማ እያገላበጡ ሸሚዙ እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚውል ጠይቄያቸው፣ “መንካት የሚገባውን ብቻ ነው የምነካው” አሉኝ። እኔ ወደብ አካባቢ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ ለሚገባና ለሚወጣ ዕቃ ወረቀት መሙላት ነው። በሥራዬ ብዙ ሰው አይቻለሁ። መንካት የሚገባውን ብቻ የሚነካ ግን ከእሳቸው ሌላ አላጋጠመኝም።

የተዋወቅነው የቢሮአችን መኪና ጎማ ተንፍሶ ነው። ጎማውን ከመንካታቸው በፊት መነጽራቸውን አስተካክለው ቀና ብለው አዩኝና ጠየቁኝ።

“ስምሽ ማነው?”

“ሂሩት።”

“ሂሩት፣ ፈረስ ስንት ጣት አለው?”

“ፈረስ ጣት አለው እንዴ?”

እንደ ታመመ ሰው ነው ያዩኝ። ከዚያ ጎማውን እየፈቱ ነገሩኝ። የዛሬው ፈረስ በአንድ ጣቱ ነው የሚቆመው፤ ኮቴ የምንለው የዚያ ጣት ጥፍር ነው። ድሮ፣ ሰው የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ፣ በአፋር ሜዳ ላይ ሌላ ፈረስ ነበር። ከዛሬው ያነሰ፣ ሣር የሚግጥ፣ በእያንዳንዱ እግሩ ላይ ሦስት ጣት ያለው። መሐለኛው ትልቁ መሬት ይረግጣል፤ ግራና ቀኙ ትናንሾቹ ከነኮቴያቸው ጎንና ጎን ይንጠለጠላሉ። ስሙ ሂፓሪዮን ነው። በግሪክኛ ትንሽ ፈረስ ማለት ነው ብለው ጨመሩልኝ፤ ግሪክኛውን ጎማ ከሚያወልቁበት ብረት እኩል በእጃቸው ይዘውታል።

“ሁለቱ ትናንሾቹ ጣቶች ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? ስኮርታ ናቸው። መጠባበቂያ ጎማ።”

“ታዲያ እሱ የት ሄደ?” አልኳቸው፤ ጎማው ቶሎ እንዲያልቅልኝ ፈልጌ።

“አለቀ። አንድም አልቀረ።” ብረቱን አስቀምጠው ቀና አሉ። “ስኮርታ የነበረው አለቀ፤ ስኮርታውን ጥሎ በአንድ ጎማ የሚሮጠው ቀረ። አሁን ይሄንን ለሾፌር እንዴት አድርገሽ ታስረጂዋለሽ?”

ለሾፌር ማስረዳቱን ግን አልተዉትም። ከአዲስ አበባ ኮንቴይነር ሊጭን የመጣ ሾፌር ሁሉ፣ ጎማው እስኪደርስ፣ ያንን ፈረስ ይሰማል። አንዳንዶቹ “ጋሽ ሦስት ጣት” ይሏቸው ነበር፤ በፊታቸውም ጭምር፤ እሳቸው እንደ ማዕረግ ነው የሚቀበሉት። በአርሂባ በኩል ወደ የመን ለመሻገር የሚያልፉ ልጆች ውኃ ሊለምኑ ሲጠጉ እንኳ፣ ውኃውን አጠጥተው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ ፈረሱን ይነግሯቸዋል። አንድ ቀን እንደነዚህ ያለች ልጅ፣ እግሯ በመንገድ ብዛት ቆስሎ፣ እስከ መጨረሻው ካዳመጠቻቸው በኋላ “እኔም ስኮርታ በኖረኝ” አለቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቃል። እሳቸው ተነሥተው ከሱቅ ጫማ ገዝተውላት መጡ።

ይህን ሁሉ ከየት አመጡት ያልን እንደሆነ፣ ጋሽ ደምሴ በጉልምስናቸው አፋር ውስጥ አጥንት ለሚፈልጉ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሹፌር ነበሩ። ብዙ የበጋ ወራት በድንኳን ኖረዋል። አፋርኛ እንደ አማርኛቸው ይናገራሉ። የጥርስ ነገር ደግሞ ከአጥንትም በላይ ያውቃሉ። አንድ ቀን ጠመኔ አንሥተው በአሮጌ ጎማ ላይ የፈረስ ጥርስ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሣሉልኝ።

“ይሄ ጅቡቲ ከተማ ነው እንበል” አሉ፤ ወደ ባሕር የገባ ምላስ የመሰለ ነገር እያሳዩ። “በሦስት በኩል ውኃ፣ በአንድ በኩል ግን ከየብሱ የተያያዘ። የዛሬው ፈረስ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት አለ። የሂፓሪዮን ግን” ብለው ራቅ አድርገው አንዲት ክብ ሣሉ፤ “ሙሻ ደሴት ናት። ዙሪያዋን ውኃ። ከምንም አልተያያዘችም። ደሴቷን ካየሽ በቃ፣ እሱ ነው፤ ዶክተር መጥራት አያስፈልግሽም።”

እኔ ደሴቷን ያየኋት በጠመኔ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቀን በእውን አገኟት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ ዱዝ የሚባል ቦታ አለ፤ የእኛ አገር የጭነት መኪናዎች ተራቸውን እየጠበቁ ለቀናት የሚቆሙበት ሜዳ ነው። ብርሃኑ የሚባል ሾፌር ጎማው ፈንድቶበት ጋሽ ደምሴን ወደዚያ ወሰዳቸው። እኔም ሰነድ ላስፈርመው ስለነበር አብሬ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው፣ መኪናው እንዳይንሸራተት ከኋላ ጎማ ሥር የተወተፈውን ድንጋይ አዩ። ከዚያ ነጩን ሸሚዝ ለብሰው፣ ዘይት የጠጣው አሸዋ ላይ በሆዳቸው ተኙ።

“ጋሼ፣ ምን ሆኑ?” አለ ብርሃኑ ደንግጦ።

“ይሄን ታኮ ከየት አመጣኸው?”

“ድንጋዩን? አፋር መሬት፣ ከገዋኔ አለፍ ብሎ። ምነው?”

“ድንጋይ አይደለም። ፈረስ ነው የረገጥክበት።”

ብርሃኑ ወደ ኋላ ፈንጠር አለ። “ፈረስ? የማን ፈረስ?”

ጎማው እስኪነሣ ድረስ አላስነኩም። ሲወጣ እኔም አየሁት፤ ደረቅ አፈር የነከሰው፣ ክንድ የሚያህል ግራጫ ነገር ነው። የላይኛው መንጋጋ ነው፤ ባንዱ ጎኑ ጥርሶች ተደርድረዋል። ጋሽ ደምሴ በምራቃቸው አርሰው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ያ ሸሚዝ ሲቆሽሽ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። አንዱን ጥርስ በጣታቸው ጥፍር እያመለከቱ ወደ ዓይኔ አስጠጉልኝ። ዙሪያዋን ሁሉ የተከበበች ትንሽ ክብ ነበረች።

“ደሴት” አልኩ።

“ደሴት” አሉ እሳቸውም።

ብርሃኑ ድንጋዩን ለመስጠት አልፈለገም። ያንን ታኮ ከያዘ ወዲህ መኪናው አንድ ስንዝር ተንሸራትቶ አያውቅም፤ ገደኛ ነው። ጋሽ ደምሴ ጠንካራ የእንጨት ታኮ ሠርተው ሊለውጡት ተስማሙ። ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር። ግን ፒኬ ዱዝ ላይ የተወራ ወሬ ከተማ ለመግባት መኪና አይጠብቅም። በማግስቱ ከካርቲየ 5 ሰፈር ዛጎልና ጌጠኛ ድንጋይ ለፈረንጅ የሚሸጥ ሰው፣ ሽቶውን ተቀብቶ፣ ስልኩ ውስጥ የሌሎች አጥንቶች ፎቶ ይዞ ብቅ አለ። ለብርሃኑ ጥሩ ዋጋ እንደሚሰጠው፣ ገዢው ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጠው እንደሚፈልግ ነገረው። ብርሃኑ የእንጨቱን ታኮ ይዞ አርሂባ መጣ።

“ጋሼ፣ ልውውጡ ይቅር። ሰውየው ከልቡ ነው የፈለገው።”

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። በርጩማ ሳቡለት።

“ተቀመጥ ልጄ። ሽጠው፤ ያንተ ነው። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ‘የት አገኘኸው?’ ይሉታል ባለቤቱን፤ ‘ጅቡቲ ገዛሁት’ ይላል። በቃ። ሙዚየም ከገባ ግን ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ‘ይህን ብርሃኑ አገኘው’ ተብሎ ይጻፋል። አንተ ከሞትክ በኋላ፣ ልጆችህም ከሞቱ በኋላ፣ አንድ ሰው መሳቢያውን ስቦ ስምህን ያነባል።”

ብርሃኑ አሰበ። “ሙሉ ስሜን?”

“ከነአያትህ።”

“የመኪናው ታርጋስ?”

“እሱን እንኳ ቃል አልገባም” አሉ ጋሽ ደምሴ በቁምነገር። “እንጠይቃለን።”

የተገኘበትን ቦታ በትክክል ያስታውስ እንደሆነ ሲጠይቁት ብርሃኑ ተናደደ። “መኪናዬ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ፀሐይ የጠበሰኝን ቦታ ልረሳ?” ብሎ ከድልድዩ፣ ከግራሩ፣ ከተበላሸው የመንገድ ምልክት ጀምሮ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሣለላቸው። ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። የት እንደተገኘ የማይታወቅ አጥንት ግማሽ አጥንት ነው ብለው ያምናሉ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ቀላሉ ነገር ነበር፤ መንጋጋውን ብርሃኑ መኪና ላይ አስቀምጦ በመጣበት መንገድ አዲስ አበባ ላለው ሙዚየም መመለስ። ድንበሩን ሲሻገር ማንም አልጠየቀው፤ ሲመለስም ማንም አይጠይቀውም። ይህንን ስላቸው ተቀየሙኝ።

“ያለ ወረቀት ወጣ። ያለ ወረቀት አይመለስም።”

“እሺ፣ ወረቀት እሠራለሁ። ‘ድንጋይ፣ አንድ’ ብዬ እጽፋለሁ። በአንድ ቀን ያልቃል።”

“ድንጋይ አይደለም።”

“ጋሼ፣ አጥንት ብዬ ከጻፍኩ እንስሳት ሐኪም ጋ እንላካለን። ድንጋይ ካልኩ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።”

“ሂሩት፣ አንቺ እስከ ዛሬ ስንቱን ዕቃ ስሙን ቀይረሽ አሳልፈሻል?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሥራችን አይጠየቅም። “ቅሪተ አጥንት፣ የፈረስ መንጋጋ፣ አንድ” ብዬ ጻፍኩ። እንዳልኩትም ወደ እንስሳት ጤና መስኮት ተላክን።

እዚያ መስኮት ላይ ወረቀቱ የሚሞላው ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ለሚጫኑ ግመሎችና ፍየሎች ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ማዳም ቅጹን አነበበችና በፈረንሳይኛ ጠየቀችኝ፤ እኔ ለጋሽ ደምሴ እየተረጎምኩ መለስኩ።

“በሕይወት ያለ ነው ወይስ የታረደ?”

“ሞቷል። አልታረደም” አሉ ጋሽ ደምሴ።

“መቼ ነው የሞተው?”

“ሚሊዮን ዓመት ያልፈዋል በያት።”

አልኳት። ማዳሟ ብዕሯን ሳታነሣ፣ “የክትባት ካርዱን ይዛችኋል?” አለች።

አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። ከዚህች ሴት በላይ ሥራዋን በሥርዓት የምትሠራ ሰው አላየሁም አሉ በኋላ፤ ሳያሾፉ። ለማንኛውም ሰዓቱ እየገፋ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ከአገራችን ጫት ሲገባ ከተማው ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት ያለ ፈረስም ቢሆን ማኅተም አያገኝም። ማዳሟ ራሷ ወደ ውስጥ ገብታ ዋናውን የእንስሳት ሐኪም ጠራችልን።

ሐኪሙ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዲኪል አካባቢ ያደገ አፋር ነው። ሣጥኑን ከፍቶ መንጋጋውን ሲያይ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ ለራሱ በአፋርኛ የሆነ ነገር አለ። ጋሽ ደምሴ በአፋርኛ መለሱለት። ከዚያ በኋላ እኔና ማዳሟ ተረሳን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው፣ ሦስት ጣታቸውን እየዘረጉ እያጠፉ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ኮቴ እያስረገጡ ተወያዩ። ጫት ገባ፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘጉ። የእኛ አልተዘጋም። በመጨረሻ ሐኪሙ ብዕር አንሥቶ፣ ‘የሞተበት ምክንያት’ በሚለው ላይ ‘እርጅና’ ብሎ ጻፈ። ከሥሩም፣ እንስሳው ምንም ዓይነት የተላላፊ በሽታ ምልክት እንዳላሳየ አረጋገጠና ማኅተሙን መታበት።

“እርጅና አይደለም እኮ” አሉኝ ጋሽ ደምሴ ስንወጣ። “ጥርሱ ገና አላለቀም፤ ጎልማሳ ነበር። ግን ከዚያ በላይ ላደክመው አልፈለግሁም።”

ሣጥኑ ሊታሸግ ሲል ቢሮዬ መጡ። ከሽርጣቸው እጥፋት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ፈታሁት። ጥርስ ነው፤ ነጠላ፣ ረጅም፣ ብዙ ከመነካቱ የተነሣ እንደ መቁጠሪያ የለሰለሰ። ላዩ ላይ ደሴቷ አለች።

“ይሄም ይግባ።”

“ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?”

ወንበር ስቤላቸው አልቀመጥ አሉ። ቆመው ነገሩኝ። አንድ በጋ፣ ከተመራማሪዎቹ ጋር ሳሉ፣ የመኪናውን ጎማ ሊቀይሩ ሲያጎነብሱ መንጋጋ አገኙ። አንዷ ጥርስ ተነቅላ ከጎኑ ወድቃለች። ጮኸው ተጣሩ። አንድ የውጭ አገር ተማሪ ሮጦ ደረሰ፤ የቡድኑ መሪ ሲመጣ አጥንቱ ላይ ተንበርክኮ ያገኘው ተማሪውን ነው። ማስታወሻው ላይ የተማሪው ስም ተጻፈ። ጋሽ ደምሴ ጎማቸውን ቀየሩ።

“ጥርሷ በእጄ ነበረች። ልሰጣቸው ነበር። ‘ደምሴ፣ ውኃ አምጣ’ አለኝ መሪው። ኪሴ ከተትኳት።”

“አልፈለጓትም?”

“ፈለጉ እንጂ። ቦታዋ አዲስ ስብራት ነው፤ ይታወቃል። የሁሉንም ሻንጣ በረበሩ፤ የተማሪዎቹን ሳይቀር። የእኔን አልነኩም። ‘ደምሴን ተዉት፣ እሱ አይነካም’ አለ መሪው፤ በሰው ሁሉ ፊት።” መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉ። “ቢፈትሹኝ ኖሮ ተሰድቤ፣ ተባርሬ፣ ይኸኔ ረስቼው ነበር። በሚቀጥለው በጋ ሲጠሩኝ አልሄድኩም። እዚህ መጣሁ።”

ቅጹ ላይ ‘ያገኘው ሰው’ የሚል ቦታ አለ። ለመንጋጋው ብርሃኑ ገመቹ ቶላ ብዬ ጽፌያለሁ። ለጥርሱ ምን ልጻፍ አልኳቸው።

“ባዶ ይሁን” አሉ።

ብርሃኑ ሣጥኑን ጋቢና ውስጥ፣ ከአጠገቡ፣ በቀበቶ አስሮ ወሰደው። ከድንበር ደወለልኝ፤ ተቆጣጣሪው የጤና ወረቀቱን አይቶ “ፈረሱ የታለ?” ብሎ ተሳቢው ሥር ሳይቀር ፈልጎ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈትለት፣ “ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ማኅተም?” ብሎ አሳለፈው።

የሙዚየሙ ደብዳቤ ከወራት በኋላ ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ነጩ ሸሚዝ በመስቀያ ላይ፣ እሳቸው ከሥሩ። ከአጠገባቸው ያለው በሽተኛ ሶማሌ ሽማግሌ ነው፤ ቋንቋ ባይገባባቸውም ስለ ፈረሱ ያውቃል፤ ስገባ ሦስት ጣቱን አሳየኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ለአቶ ብርሃኑ ገመቹ ቶላ ምስጋና ቀረበ፤ ስማቸው በመንጋጋው ካርድ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ቀጠለ፦ በሣጥኑ ውስጥ የተገኘው ነጠላ ጥርስ፣ በስብስባችን ውስጥ ለዓመታት ከቆየ ሌላ መንጋጋ ላይ የጎደለ መሆኑን በመግጠም አረጋግጠናል። ማን፣ የትና እንዴት እንዳገኘው ቢገልጹልን።

“ገጠመ?” አሉ።

“ገጥሟል ይላል።”

“እንደገና አንብቢው።”

አነበብኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ እያየሁ ደብዳቤውን አጥፌ፣ ዘርግቼ፣ እንደገና አጠፍኩት። ሲዞሩ ድምፃቸው ጎማ ቤት ሳሉ የነበረው ድምፅ ነበር።

“ብዕር ይዘሻል? ጻፊ። ያገኘው ሰው፣ ደምሴ ተሰማ፣ ሹፌር። ቦታው መንጋጋው የተገኘበት፤ እነሱ ያውቁታል። የሰረቀውም ሰው፣ ደምሴ ተሰማ።”

“ጋሼ፣ የመጨረሻውን እንተወው። ‘ሳይመዘገብ ቆይቶ’ ብዬ ላለስልሰው?”

“ድንጋይ በይው እንግዲያ” አሉ። “ሂሩት፣ ስም አትቀይሪብኝ።”

እንዳሉት ጻፍኩ። ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ፈረሙ። ለመፈረም ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ያ ሶማሌ ሽማግሌ ወረቀቱን ከሥር ደግፎ ያዘላቸው። በሳምንቱ እኔ ወደ ድሬዳዋ ሄድኩ። ልሰናበታቸው ገብቼ ሳለ የነገሩኝ ስለ ሞት አልነበረም፤ እናቴ ቤት አካባቢ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ካሉ እግራቸውን ጎንበስ ብዬ እንዳይ ነው። ከኮቴው በላይ ቆዳው ሥር፣ የጎንና የጎን ጣቶቹ ቅሪት፣ ቀጫጭን አጥንቶች፣ እስከ ዛሬ አሉ አሉኝ። አየሁ። ጋሪ ነጂው ምን ፈልጌ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዴት ብዬ ልንገረው?

ከቀብራቸው በኋላ ተመለስኩ። መቃብራቸው ድረስ ከፒኬ ዱዝ የመጡ ሾፌሮች ብዛት፣ አፈር ለመመለስ አካፋ መሻማታቸውን፣ የእንስሳት ሐኪሙም ከማዳሟ ጋር መምጣቱን ሰማሁ። ጎማ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ምንም አይናገርም። ሾፌሮች ጎማቸው ቶሎ እንደሚደርስላቸው ነግረውኛል። ሲነግሩኝ ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም።

የሙዚየሙ መልስ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ብርሃኑ ቢሮዬ ውስጥ የኮንቴይነር ሰነድ እየጠበቀ ስለነበር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የጥርሱ ካርድ ተስተካክሏል፤ ጥርሱ የገጠመበት የቀድሞው መንጋጋ ካርድም አብሮ ታርሟል፤ በሁለቱም ላይ ‘ያገኘው ሰው’ በሚለው ቦታ ደምሴ ተሰማ፣ የመስክ መኪና ሹፌር ተብሎ ተጽፏል። የመጨረሻዋ አንቀጽ ሁለት መስመር ናት። “ስለ ስርቆቱ በደብዳቤው የተገለጸውን በተመለከተ፣ ቅጻችን ለእንዲህ ዓይነቱ መረጃ የተዘጋጀ ቦታ የሌለው በመሆኑ ሳንመዘግበው መቅረታችንን በአክብሮት እንገልጻለን።”

“ምን ማለት ነው?” አለ ብርሃኑ።

“አልጻፉትም ማለት ነው። ያገኘው ብቻ ነው የተጻፈው።”

“የጋሼን ስም አንዴ ድገሚልኝ።”

ደገምኩለት። አቀርቅሮ ሰማ፤ ከዚያ የመጣበትን ሰነድ ሳይቀበለኝ ተነሥቶ ወጣ። በመስኮት አየሁት። መኪናው ላይ ወጣ፣ በሩን ዘጋ፣ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ሞተሩን አላስነሣም። ከኋላው የቆሙት መኪናዎች ጡሩንባ መንፋት ጀመሩ፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁሉም። እሱ ግን እንደተቀመጠ ቆየ።